ያውቁ ኖሯል? የገብሳችን ዘረ መል ባሕር ተሻግሯል

በአውሮፓ የሚዘራ ብዙ የቢራ ገብስ ቅጠሉን እንደ ነጭ ዱቄት የሚሸፍነውን ሻጋታ የሚቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የገበሬ ገብስ በተገኘ ዘረ መል ነው። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚከላከል ሌላ ዘረ መልም ከዚሁ አገር ሄዷል። ሁለቱም የተላለፉት በተራ ማዳቀል ነው። ስለ ልውጠ ሕያዋን (ዘረ መላቸው በቤተ ሙከራ ስለተለወጠ ሰብሎች) ስንከራከር በጎንደር ካሉት ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ደጋ ገብስ ብንጀምር የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ዓለም የሚፈልገው ሀብት በገበሬው ጎተራ ውስጥ አለ።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 655/2001 ለልውጠ ሕያዋን በሩን አጥብቃ ዘግታ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ሕጉን አላላች፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጓይ ትልን የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ ፈቀደች። «ልውጥ ምግብ ጤና ይጎዳል» ለሚሉ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ከተለመደው ምግብ የባሰ ጉዳት አላገኙም፤ ይህን መካድ አይገባም። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ለሚሉ ግን መልሱ ያለው ከዘሩ ባለቤትነት ላይ ነው። የተፈቀደው ጥጥ ዲቃላ በመሆኑ ገበሬው በየዓመቱ ዘር ይገዛል፤ የደጋው ገብስ ግን ከራሱ ማሳ ተመርጦ ይዘራል። ገብስ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከሌላ ዝርያ ጋር የመቀላቀሉ ስጋት አነስተኛ ነው። ትልቁ አደጋ፣ ልውጥም ሆነ ምርጥ የተባለ አንድ ዘር ብዙዎቹን ነባር ዝርያዎች ከማሳ ማስወጣቱ ነው። በመተማ ቆላ ልውጥ ጥጥን በጥብቅ ቁጥጥር መሞከር ይቻላል፤ የጎንደር ደጋ ገብስ ግን አስቀድሞ ተሰብስቦ፣ ተመዝግቦ፣ በገበሬው እጅ እንዲቆይ ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል።