ወገባችንና ካይሮፕራክቲክ፦ እጅ ምን ያህል ይፈውሳል?

በባሕር ማዶ የሚማር ተማሪ ስለ ጤናው የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ከታመመ በኋላ ነው። በየመኝታ ክፍላችን ከሚሰሙት አቤቱታዎች ሁሉ የሚበዛው ደግሞ «ወገቤን!» የሚለው ነው። ፈተና ሲቃረብ አንገትና ትከሻ ይጨመሩበታል። በዚህ ምክንያት ካይሮፕራክቲክ ወደሚባለው ሕክምና የሚሄዱ ወይም ልሂድ አልሂድ እያሉ የሚያመነቱ ጓደኞች አሉን። አንዱ «ሁለት ጊዜ ቀጭ አድርጎኝ ዳንኩ» ሲል፣ ሌላው «የተማሪን ገንዘብ መብላት ነው» ይላል። ክርክሩ ግን በማስረጃ ላይ የቆመ አይደለም። ስለዚህ ይህ ሕክምና ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደማይጠቅምና ወገባችንን በዕለት ተዕለት ኑሯችን እንዴት ልንጠብቅ እንደምንችል ባጭሩ ለማብራራት እንሞክራለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

ካይሮፕራክቲክ የሚለው ስም ከግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን «በእጅ የሚሠራ» እንደ ማለት ነው። መሥራቹ በ1845 በካናዳ የተወለደው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው። ፓልመር የሕክምና ትምህርት ያልነበረውና በሰውነት ማግኔታዊ ኃይል እፈውሳለሁ እያለ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በመስከረም 1895 በአሜሪካ፣ አዮዋ ክፍለ ሀገር፣ ዳቨንፖርት ከተማ ሃርቪ ሊላርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የጽዳት ሠራተኛ የጀርባውን አጥንት ገፍቶ በማስተካከል ለ17 ዓመት ጠፍቶበት የነበረውን መስማት መለስኩለት አለ። ከዚህም ተነሥቶ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ የሚሆነው በሽታ የሚመጣው ከቦታቸው በተዛነፉ የአከርካሪ አጥንቶች ምክንያት ነው የሚል ትምህርት አቋቋመ።

ይህ ትምህርት በሳይንስ ፊት አልቆመም። የመስማት ነርቭ ከአንጎል ወደ ጆሮ የሚሄደው በራስ ቅል ውስጥ እንጂ በጀርባ አጥንት በኩል አይደለም። የስኳር በሽታ፣ አስምም ሆነ የጨጓራ ቁስል አከርካሪን በመግፋት አይድንም። ፓልመር ራሱ በ1906 ያለ ፈቃድ ሕክምና ሠርተሃል ተብሎ ታስሯል።

ይሁን እንጂ ሙያው አልጠፋም። በ1913 ካንሳስ የመጀመሪያውን የፈቃድ ሕግ አወጣች፤ በ1974 ሉዊዚያና የመጨረሻዋ ክፍለ ሀገር ሆና ተከተለች። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ከ1963 ጀምሮ ሙያውን ለማጥፋት ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ሠርቶ ነበር፤ በ1976 ተከሶ በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ የነፃ ውድድርን ሕግ ጥሷል ብለው ፈረዱበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ፍርድ ቤቱ የወሰነው ስለ ንግድ ሕግ ነው፤ የፓልመር ትምህርት እውነት ነው ብሎ አልፈረደም። ዛሬም በሙያው ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ሥራውን በወገብ፣ በአንገትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወስኖ በጥናት የሚመራ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፓልመርን አሮጌ ትምህርት ይዞ የሁሉም በሽታ መነሻ አከርካሪ ነው የሚል ነው። ታማሚው በየትኛው እጅ ላይ እንደወደቀ ማወቅ አለበት።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅ ምንድን ነው?

አከርካሪያችን ሰባት የአንገት፣ አሥራ ሁለት የደረትና አምስት የወገብ አጥንቶች አሉት፤ ከነዚህ በታች ተጣብቀው ያደጉ የዳሌና የጭራ አጥንቶች ይገኛሉ። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባሉ እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ለስላሳ አካላት አሉ። ዲስክ በአዋቂ ሰው ውስጥ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡ ከአካባቢው እየሰረገ ይደርሰዋል፤ ለዚህም የሰውነት እንቅስቃሴ ይረዳዋል። ሰዓታትን ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ተማሪ ወገቡ ቢደርቅ አያስደንቅም።

ባለሙያው መገጣጠሚያን በፈጣንና አጭር ግፊት ሲገፋ የሚሰማው «ቀጭ» አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ አይደለም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ግፊቱ ሲቀንስ የሚፈጠር የጋዝ ክፍተት ነው። በ1971 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ተመራማሪዎች ይህን አጥንተዋል፤ በ2015 ደግሞ በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የጣት መገጣጠሚያ ሲጮህ በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ተቀርጾ ክፍተቱ ሲፈጠር ታይቷል። ስለዚህ ድምፁ መሰማቱ የመዳን ማረጋገጫ አይደለም፤ አለመሰማቱም ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ጥናቱ ምን ይላል?

በ2019 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ በቆየ የወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 47 ሙከራዎችን መርምሮ ነበር። ውጤቱም በእጅ የሚሰጠው ግፊት እንደ ስፖርትና እንደ ሌሎቹ የሚመከሩ ሕክምናዎች ያህል ይረዳል፤ ከነርሱ ግን እምብዛም አይበልጥም የሚል ነው። በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ያወጣው መመሪያም ለአዲስ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ መታሸት፣ አኩፓንክቸርና የአከርካሪ የእጅ ሕክምና እንዲሞከሩ መክሯል። ይኸው መመሪያ አብዛኛው አዲስ ሕመም ምንም ዓይነት ሕክምና ቢደረግለትም በጊዜ ብዛት እንደሚሻለው ይገልጻል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የእጅ ሕክምናን ከትምህርትና ከእንቅስቃሴ ጋር ጨምሮ ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶንና ወገብን በመሣሪያ መጎተትን አልደገፈም።

እንግዲህ «ዳንኩ» የሚለውም «ገንዘብ መብላት ነው» የሚለውም በከፊል ልክ ነው። እጅ ሕመምን ለጊዜው ያቃልላል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሕይወቱን ያልለወጠ ሰው ተመልሶ እዚያው አልጋ ላይ ይተኛል፤ ተመልሶም ይከፍላል።

የአገራችን ወጌሻ

ለእኛ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በየመንደራችን ወጌሻ አለ። የወለቀ የሚመልስ፣ የተሰበረ የሚጠግን፣ ወለምታን በቅቤ የሚያሽ፣ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከእናቱ የወረሰ ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት አገር ወጌሻ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ይሁን እንጂ ወጌሻ የተሰበረ እጅን በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ደም መዘዋወሩ ተቋርጦ ሥጋው የሞተበትና እጅ ወይም እግር የተቆረጠበት ሕፃን ጥቂት እንዳልሆነ የአገራችን ሐኪሞች በጽሑፍ አስረድተዋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለካይሮፕራክቲክም ይሠራል። የእጅ ሙያ የሚመዘነው በሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ድንበሩን በማወቁና በጊዜው «ይህ የእኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ሂድ» በማለቱ ጭምር ነው።

እጅ ሊነካው የማይገባ ወገብ

ከብዙ የወገብ ሕመሞች መካከል ጥቂቶቹ ከባድ በሽታን ይደብቃሉ። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው በቅድሚያ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፦

ሀ/ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ ከተሰማ፤ ይህ ሰዓት የማይሰጥ አደጋ ስለሆነ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።
ለ/ እግር ወይም ክንድ እየሰነፈ ከሄደ።
ሐ/ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት ከታየ።
መ/ ሕመሙ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከመጣ።
ሠ/ ታማሚው ቀደም ሲል ካንሰር ይዞት ከነበረ፣ ወይም ሕመሙ በእረፍት ጊዜም ሆነ በሌሊት ካልተወው።

በተለይ ሦስተኛውን እኛ ኢትዮጵያውያን በቸልታ ማለፍ የለብንም። ቲቢ ሳንባን ብቻ አያጠቃም፤ አከርካሪንም ይበላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 ስለዚሁ በሽታ ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021–2025 ባወጣው ዝርዝር አገራችን ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። የአከርካሪ ቲቢ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ «ብርድ ነው» ወይም «ከመቀመጥ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ አጥንቱ ከተደረመሰ ደግሞ ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይድናል። በቲቢ የተበላ አጥንት ላይ የሚደረግ የእጅ ግፊት ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አንገትን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ግድግዳ ተቀዶ ስትሮክ ያስከተለበት ጊዜ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ተመዝግቧል። ግፊቱ ነው ያመጣው ወይስ አስቀድሞ የተጎዳው የደም ሥር ነው ሰውየውን አንገቱን ያሳመመው በሚለው ላይ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ። ስለዚህ አንገቱን ማስጠምዘዝ የማይፈልግ ሰው «አልፈልግም» የማለት ሙሉ መብት አለው።

ከመክፈላችን በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያ ሙሉ የካይሮፕራክቲክ ትምህርት ከ4,200 ሰዓት እንዳያንስ አመልክቷል። ስለዚህ ባለሙያውን «የት ተማርክ? የዚህ አገር የጤና ባለሥልጣን ፈቃድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ሕመሙ ታሪክ ሳይጠይቅ ገላን የሚነካ፣ ሁሉንም ሰው ራጅ የሚያስነሣ፣ የብዙ ወራት ቀጠሮ አስቀድሞ የሚያስከፍል፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተው የሚል ካጋጠመን ወጥተን እንሂድ። ጥሩው ባለሙያ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ለውጥ ካላየ ያቆማል፤ ቤት የሚሠራ እንቅስቃሴም ያስተምራል።

የዕለት ተዕለት ኑሯችን

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከአንድ በላይ ነገር የማያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝልን፦ ወገብ የሚድነው በመንቀሳቀስ ነው። ቀድሞ ሐኪሞች ለወገብ ሕመም ለቀናት መተኛትን ያዙ ነበር። በፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ተካሂዶ በ1995 የታተመ ጥናት ግን የተለመደ ሥራቸውን በተቻላቸው መጠን የቀጠሉት ታማሚዎች አልጋ ከያዙት ይልቅ ቶሎ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ስለዚህ፦

1. በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ ከወንበር እንነሣ። ቡና ማፍላቱም ውኃ መቅዳቱም ምክንያት ይሁነን። ኮምፒዩተሩን በመጻሕፍት ክምር ከፍ አድርጎ ለብቻው መተየቢያ ማያያዝ አንገትን ከማቀርቀር ያድናል።

2. በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለን እንራመድ። በጋው በሚያቃጥልበት በዚህ አካባቢ ማለዳና ምሽት፣ ካልሆነም የዩኒቨርሲቲው ኮሪደርና ደረጃ ይበቃል።

3. በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን እናጠንክር። ሁለት እንቅስቃሴ ለመነሻ ይበቃል። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ሁለተኛው በአራት እግር ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ ጥቂት ቆይቶ መቀያየር ነው።

4. ፀሐይ በሞላበት አገር የቪታሚን ዲ እጥረት መብዛቱ በዚህ ክፍለ ዓለም በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል። ቀኑን ሙሉ በቤት ውስጥ የሚውልና ቆዳው የጠቆረ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ እጥረቱም አጥንትና ጡንቻ ያሳምማል። ሰውነቱን ሁሉ የሚያመው ሰው ደሙን ይመርመር፤ ሳይመረመር ግን ብዙ መጠን ያለው እንክብል አይዋጥ።

5. ሲጋራ ማጨስና እንቅልፍ ማጣት ከወገብ ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ታውቋል። ለፈተና ሌሊቱን ሁሉ ማንጋት ለወገብም ለውጤትም አይበጅም።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን ብቻ ተናግረን ማብቃት አንችልም። በዚህ አካባቢ በየቤቱ ተቀጥረው ምንጣፍ የሚያነሡ፣ አረጋውያንን ከአልጋ የሚደግፉ፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆሙ እኅቶቻችን ወገባቸው ከእኛ ይልቅ ይጎዳል። እኛ ከወንበር ተነሡ ብንባል መነሣት እንችላለን፤ እነርሱ ግን ብዙ ጊዜ ዕረፍቱም፣ ሐኪም ቤት የመሄጃ ፈቃዱም የላቸውም፤ ቋንቋውም ይቸግራቸዋል። ዕቃን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሣት፣ ወገብን ከመጠምዘዝ ይልቅ በእግር መዞር፣ ከባዱን ለሁለት መያዝ የሚሉትን ምክሮች ስንገናኝ እንንገራቸው። ከሁሉም በላይ ከላይ የተዘረዘሩትን የአደጋ ምልክቶች ያየንባቸው እንደሆነ ሐኪም ቤት አብረን ሄደን እናስተርጉምላቸው። የተማርነው ቋንቋ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይዋል።