እርጥቡን ከላይ

ድሮ ሥራ ፈላጊ ወጣት ማስረጃውን ይዞ ከሳጉሬ አሰላ ይሄድና ቀጣሪው ፊት ይቀርብ ነበር። ዛሬ ግን ማመልከቻውም ቃለ መጠይቁም በስልክና በኢንተርኔት ሊያልቅ ይችላል። ቀጣሪና ተቀጣሪ ሳይተያዩ ይዋዋላሉ። በዚህ ክፍተት የሌላ ሰው ስምና ፎቶግራፍ፣ ሐሰተኛ ምስክር ወረቀትም ይገባል። ለፈተናው ደግሞ ጎበዝ ጓደኛ ይቀመጣል።

ይህ ምን ያህል እንደሚከፋ በአሜሪካ የታየ አንድ ጉዳይ ያስረዳል። የሰሜን ኮሪያ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በ68 አሜሪካውያን ስም በ309 የአሜሪካ ድርጅቶች ከርቀት ተቀጠሩ። ኮምፒውተሮቹን በቤቷ እየተቀበለች ሠራተኞቹን አገር ውስጥ ያሉ ያስመሰለች አንዲት የአሪዞና ነዋሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የ8 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደባት። ስማቸው የተሰረቀባቸውስ? ባልበሉት ደመወዝ የግብር ዕዳ ተመዘገበባቸው።

እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ወደ ዐረብ አገር በሚደረገው የሥራ ጉዞ ዕድሜ መጨመርና ስም መለወጥ የታወቀ ነው። ደላላ በሌላ ስም የላካት ልጅ ብትታመም ወይም ደመወዟን ብትከለከል፣ ወላጆቿ በሚያውቁት ስም ፈልገው ላያገኟት ይችላሉ። ውሸቱ መጀመሪያ የጎዳው እርሷኑ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ሰደድ ቢያደርጉ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ስንዴና ገብስ ለሚሸጥ የአርሲ ሰው ይህ ሐዲስ ማብራሪያ አያሻውም። ያስወቀሰው እህሉ መርጠቡ ሳይሆን መደበቁ ነው።

ለሥራ ፈላጊም ነገሩ ይኸው ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ በዚህ መሣሪያ አልሠራሁም፤ ግን እማራለሁ» ማለት እርጥቡን ከላይ ማድረግ ነው። ባይቀጠር እንኳ ስሙ ንጹሕ ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር ልብ በሉ። «መታወቂያህን አውሰኝ፣ በስምህ ልቀጠርበት» ለሚል ዘመድ እምቢ ማለት ክፋት አይደለም። ዕዳውም ክሱም የሚመጣው በባለስሙ ነውና። ከዚያም በላይ፣ አንድ ጊዜ የተታለለ ቀጣሪ በማግሥቱ ከዚያው መንደር የሚመጣውን እውነተኛ ልጅም በጥርጣሬ ያየዋል። የዚያ ልጅ ሐቅ በማን ላይ ይሆን?