ለጐልማሳ ተማሪዎች መጽሐፍን አሰምቶ ስለ ማንበብ

በግሼ አገር ወደ ራቤል ከተማ አዲስ የተላከ መምህር፥ 14ና 15 ዓመት ለሞላቸው ተማሪዎች አሰምቶ ማንበብ እንደ ሕፃን መቍጠር እንዳይሆንበት ይሠጋ ይሆናል። ነገር ግን ስንክሳርና ገድል ለሽማግሌም ይነበባል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው፥ ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም ሰምቶታል።

ደግሞም ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ‹‹አለ›› ላልቶ ሲነበብ ‹ተናገረ› ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ‹ይገኛል› ማለት ነው። ይህን ዓይን ብቻውን አይማረውም፤ ጆሮ ያስፈልገዋል። የግእዝ ንባብ መምህራንም ይህን ስለሚያውቁ ተነሽና ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ እያሉ ደቀ መዝሙሩን በቃል ያርሙታል። (አለንጋው ባይጨመርበት በወደድን።)

በዚህ ዕድሜ ንባብ የሚያዳግተው ልጅ ኀፍረቱን በዝምታ ይሰውራልና፥ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ድንገት ‹‹አንብብ›› አይበለው። አስቀድሞ ራሱ ማታ በቤቱ ተለማምዶ ያንብብለት፤ ታሪኩ ከሞቀበት ስፍራ ሲደርስም መጽሐፉን ይክደነው። ያ ልጅ ቀሪውን ለማወቅ ጓጕቶ መጽሐፉን ያውሱኝ ብሎ የመጣ እንደ ሆነ፥ ቅጠሉን ያጥፈዋል ሳይል ይስጠው።