ዘንድሮስ ይዘንብ ይሆን? የሰሜን ፔሩ ጠረፍ የበጋ ጥያቄ

በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በፒዩራና በቱምቤስ፣ በጋው ከዲሴምበር እስከ ማርች ይዘልቃል። ወቅቱ በተቃረበ ቁጥር የማንጎ ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ወንዝ ዳር ቤት የሠራው ነዋሪና የከተማው ከንቲባ አንድ ነገር ይጠያየቃሉ፤ ዘንድሮስ ይዘንብ ይሆን? እኛ ዝናቡ ቀረ ብለን ስንጨነቅ፣ እነሱ መጣ ብለው ይጨነቃሉ። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። (ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር ዳር ያለ በረሃ

የፒዩራ ከተማ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ለምድር ወገብ ይህን ያህል ቀርባ በረሃ የሆነችው በባሕሩ ምክንያት ነው። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የሁምቦልት ጅረት፣ ነፋሱም ከጥልቁ የሚያወጣው ውኃ የባሕሩን ገጽ ያቀዘቅዙታል። ቀዝቃዛው ባሕር በዓሣ የበለጸገ ነው፤ በላዩ ያለው አየር ግን ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ አዘል ደመና አይሆንም። ስለዚህ በፒዩራ በተለመደ ዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙው ጣሪያ የተሠራው ፀሐይ እንዲከላከል እንጂ ዝናብ እንዲችል አይደለም።

የባሕሩ ገጽ ሙቀት ከ26 ወይም ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የፓይታ ወደብ መርከበኞች በገና ሰሞን ከሰሜን የሚመጣውን ሞቃት ጅረት በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ኤልኒኖ ይሉት ነበር። ካፒቴን ካሚሎ ካሪዮ ይህንኑ በ1892 ለሊማ የጂኦግራፊ ማኅበር አቀረበ። የጠረፉ ሙቀት መላውን ፓስፊክ ከሚያቋርጠው ነፋስ ጋር የተሳሰረ መሆኑን የሜትዎሮሎጂ ሊቁ ያኮብ ቢየርክነስ ያስረዳው ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው።

በ1983 በፒዩራ ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ ከሃያ ዓመት የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ወቅት ወረደ ማለት ነው። በማርች 1998 የፒዩራ ወንዝ በሰከንድ ከ4400 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይዞ መጣና የከተማዋን ድልድዮች ጣለ። የተረፈው ውኃ በሰቹራ በረሃ ተኝቶ ሰፊ ሐይቅ ሆነ። አስጋሪዎች መረባቸውን ይዘው ወደ በረሃው በመግባት ሊሳ የሚባለውን ዓሣ አወጡ። ደርቆ የከረመው የአልጋሮቦ ደን አዲስ ችግኝ አበቀለ፤ የፍየል እረኞችም ግጦሽ አገኙ። ጎርፉ ቤት ያፈረሰበት አካባቢ በረከትም የሚያገኘው ከዚያው ጎርፍ ነው።

ማስጠንቀቂያው ሲስት

በ2015 የመካከለኛው ፓስፊክ ውኃ እጅግ ሞቀ። ጉዳቱን እኛ በሚገባ እናውቀዋለን፤ ክረምቱ ከዳን፤ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በምሥራቅ አማራና በሌሎችም አካባቢዎች ከብት አለቀ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ፔሩም ጎርፉ ይመጣል ብላ ተዘጋጀች። ነገር ግን የ2016 በጋ የተፈራውን ያህል ጎርፍ ሳያመጣ አለፈ።

በዓመቱ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ መካከለኛው ፓስፊክ ከቀዝቃዛው ላኒና ገና መውጣቱ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ትንበያዎችም አደጋ አላሳዩም። የፔሩና የኢኳዶር ጠረፍ ብቻ በድንገት ሞቀ፤ ነፋሱ ደከመ፣ የባሕሩ ገጽ ሞቆ ወደ 28 ዲግሪ ተጠጋ፣ ዝናቡም ከተራራ እስከ ጠረፍ ወረደ። በማርች 27 ቀን ወንዙ በሰከንድ ወደ 3500 ሜትር ኩብ ደርሶ ወደ ፒዩራ መሀል፣ ወደ ካስቲያና ወደ ካታካኦስ ገባ። በእደ ጥበቧ የምትታወቀው ካታካኦስ በውኃ ተዋጠች፤ ሕዝቡ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጀልባ ጠበቀ። በዚያ ወቅት በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ በፓን አሜሪካ አውራ ጎዳና ዳር በድንኳንና በጊዜያዊ መጠለያ ዓመታት ቆዩ።

ኤልኒኖ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን እነዚህ ሁለት ዓመታት በግልጽ አሳይተዋል። የእኛን ክረምት በይበልጥ የሚነካው የመካከለኛው ፓስፊክ ሙቀት ነው፤ የፒዩራን ዕጣ የሚወስነው ግን ከደጃፏ ያለው ባሕር ነው።

ትንበያው እንዴት ይነበባል?

የፔሩን ትንበያ የሚያወጣው ኤንፌን የተሰኘው ኮሚሽን ነው። በውስጡ የባሕር ምርምር፣ የሜትዎሮሎጂ፣ የጂኦፊዚክስና የባሕር ኃይል ተቋማት አሉ። ኮሚሽኑ የጠረፉን ውኃ ለብቻ ይለካል፤ አደጋው ሲቃረብ ክትትል፣ ሲብስ ማስጠንቀቂያ ያውጃል። ከምዕራብ ፓስፊክ የሚነሣ ከገጽ በታች የሚጓዝ ሞቃት ማዕበል ጠረፉ ለመድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅበት የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል። ሙቀቱ በአካባቢው ነፋስ ሲመጣ ግን፣ እንደ 2017ቱ፣ ጊዜው ወደ ሳምንታት ያጥራል።

የሚነገረውም ዕድል እንጂ ቁርጥ አይደለም። የከባድ ዝናብ ዕድል 30 በመቶ ነው ሲባል ብዙ ሰው አይዘንብም ብሎ ይሰማዋል። ነገር ግን ከአሥር ተመሳሳይ ዓመታት በሦስቱ ወንዙ ቤት ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ትንበያው ለዝናብ ብቻም አይደለም። ማንጎ እንዲያብብ ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ይፈልጋል፤ በ2023 የቀዝቃዛው ወቅት ሙቀት ከልክ ስላለፈ በታምቦግራንዴ ዙሪያ ዛፎቹ በቅጡ ሳያብቡ ቀሩ፣ ምርቱም ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት ከማርቹ ዝናብና ከያኩ አውሎ ነፋስ በኋላ የረጋው ውኃ ትንኝ አራብቶ ፒዩራን በደንጊ ወረርሽኝ መታት።

ሳይመለስ የቆየው

የፒዩራ ወንዝ ዛሬ እስከ ባሕር የሚያደርሰው የተበጀ መውጫ የለውም፤ ራሞንና ኛፒኬ በተባሉት ረባዳ ሐይቆች ይቆማል፣ ሲሞላም ወደ ሰፈሮች ይመለሳል። ወደ ባሕር የሚያወጣው መስመር ይሠራ የሚለው ክርክር ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይነሣል፣ ውኃው ሲጎድል ይረሳል። በቺራ ወንዝ ላይ በ1976 ሥራ የጀመረው የፖኤቾስ ግድብ ከግማሽ የሚበልጠው ይዘቱ በደለል ተሞልቷል። ከ2017 በኋላ የመልሶ ግንባታ ባለሥልጣን ቢቋቋምም፣ በ2023 ዝናቡ ሲመለስ ብዙው ሥራ አላለቀም ነበር።

የዘገየበት አንዱ ምክንያት ሥራው ከትንበያው ጋር መታሰሩ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ገንዘብ ይለቀቅና ወንዙ በጥድፊያ ይጠረጋል፤ ዝናቡ ከቀረ ገንዘቡ ባከነ ተብሎ ይወቀሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማንም እጁን አይዘረጋም። ይህ አካሄድ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ደለል መጥረግ፣ ቦይ መቆፈር፣ ሰውን ከጎርፍ መውረጃ ማንሣት በየዓመቱ ዝናቡ እንዳበቃ ከኤፕሪል ጀምሮ መሠራት ያለበት ነው፤ የትንበያው ውጤት ምንም ይሁን ምን። ትንበያው የሚያገለግለው በሳምንታት ውስጥ ለሚደረገው ነው፤ ትንኝ ለማጥፋት፣ መድኃኒትና እህል ለማከማቸት፣ ሕዝቡን ቀድሞ ለማንቀሳቀስ።

በዚሁ ውቅያኖስ ምክንያት ድርቅ ለሚመታን ለእኛም ይኸው ይሠራል። የክረምቱ ትንበያ የትኛው ዘር መቼ እንደሚዘራ ይመክረናል። ኩሬው፣ እርከኑና የእህል ጎተራው ግን ትንበያው መልካም በሆነበት ዓመትም መሠራት አለባቸው።