የመሣሪያ ማንጠልጠያ ግድግዳ፦ ከመደብር ማሳያ እስከ ሥራ ቦታ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ትልልቅ የቤትና የግንባታ ዕቃ መደብሮች የጋራዥ መሣሪያ ማንጠልጠያዎችን የሚሸጡት በካርቶን አሽገው መደርደሪያ ላይ በማስቀመጥ ብቻ አይደለም። በመደብሩ ውስጥ ለዚሁ ዓላማ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ሰሌዳውን ይገጥማሉ፤ መዶሻውን፣ ፒንሳውን፣ መጋዙንና የመፍቻ ቁልፎቹን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ሰቅለው በመብራት ያደምቋቸዋል። ገዢው ከፊቱ የሚያየው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሥርዓትን ነው። ጋራዡ የተዝረከረከበት ሰው ሥርዓት በገንዘብ የሚገዛ መስሎ ሲታየው እጁን ወደ ኪሱ መስደዱ አይቀርም።

ይሁንና በመደብር ማሳያና በሥራ ቦታ ሰሌዳ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። የመደብሩ ማሳያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የሥራ ቦታ ሰሌዳ ግን ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው፤ ምክንያቱም ባዶው ቦታ የትኛው መሣሪያ እንደጎደለ ለማንኛውም ተመልካች ወዲያውኑ ይናገራል። የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል፣ የሙያ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ወይም የንብረት ክፍል የሚመሩ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በግዥ ኮሚቴ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህንን ልዩነት አስቀድመው ቢገነዘቡት ገንዘብ የሚወጣው ለግድግዳ ማስጌጫ ሳይሆን ለቁጥጥር መሣሪያ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በሰሌዳው ላይ የራሱ ቦታ ይሰጠዋል፤ በዙሪያውም ቅርጹ በቀለም ይሰመራል ወይም ውስጡ በደማቅ ቀለም ይሞላል። ካቻቢቴው ሲነሳ የካቻቢቴ ጥላ ይቀራል። ዘዴው ከጋራዥ ውጭም ያገለግላል። በአሜሪካ የታወቁት የምግብ ዝግጅት ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድ ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ፖል ቻይልድ የመጥበሻዎቹንና የድስቶቹን ቅርጽ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ አስምረውላቸው ነበር። ያ ማዕድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተበርክቶ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ዕይታ ቀርቧል።

በማዕድ ቤት ውስጥ የጠፋ መጥበሻ ከመበሳጨት ያለፈ ጉዳት አያደርስም። በአውሮፕላን ጥገና ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በሎስ አንጀለስ ምርመራ የተደረገለት የኳንታስ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን፣ የሞተሩን ክፍሎች በእጅ ለማዞር የሚያገለግል 1.25 ሜትር ርዝመት ያለው የናይለን መሣሪያ በአንደኛው ሞተሩ ውስጥ እንደተረሳ ወደ ሥራ ተመለሰ። መሣሪያው የተገኘው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በተደረገ ሌላ ጥገና ሲሆን፣ አውሮፕላኑ እስከዚያ ድረስ 34 በረራዎችን አድርጎ ነበር። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ባደረገው ማጣራት መሣሪያው አለመመለሱ እየታወቀ አውሮፕላኑ እንዲበር መፈቀዱን አረጋግጧል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ጉድለትን የሚያሳይ ዘዴ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጉድለቱ ሲታይ ሥራውን የማስቆም ሥልጣንና ግዴታ ያለው ሰው መኖር አለበት።

ወደ ምድር ጋራዥ ስንመለስ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ያለው የንብረት ሰነድ አያያዝ ለዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያደርስ ሆኖ እናገኘዋለን። መሣሪያው ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 20 ተጠይቆ በሞዴል 22 ለሠራተኛ ወጪ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው ነው፤ መሣሪያው ግን በቀን ውስጥ በአምስትና በስድስት መካኒኮች እጅ ይዘዋወራል። ሞዴል 22 ቁልፉ በማን ስም እንደወጣ ይናገራል፤ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በየትኛው ተሽከርካሪ ሥር እንዳለ ግን አይናገርም። ይህንን ክፍተት የሚሞላው ሰሌዳው ነው። በብዙ ወርክሾፖች የሚሠራበት ዘዴ ለእያንዳንዱ ባለሙያ ቁጥሩ የተቀረጸባቸው ጥቂት የብረት ምልክቶችን መስጠት ነው። ባለሙያው መሣሪያ ሲያነሳ በቦታው ምልክቱን ይሰቅላል፤ ሲመልስ ምልክቱን ይወስዳል። የፈረቃው ኃላፊ በሥራ መውጫ ሰዓት ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ቃኝቶ ምን እንደጎደለና ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። መዝገብ መግለጥም ሆነ ቆጠራ ማካሄድ አያስፈልገውም።

ጉዳዩ የጊዜም ነው። አንድ መካኒክ መሣሪያ ፍለጋ በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ያጠፋል ብለን ብናስብ፣ በዓመት 250 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚባክነው 2 ሺህ 500 ደቂቃ ወይም ወደ 42 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የሥራ ሳምንት በላይ ነው።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ያህል ድርጅቶች ላይ ባካሄደው የካይዘን ሙከራና እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በመቋቋሙ፣ “አምስቱ ማዎች” በመባል የሚታወቁት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ለበርካታ ሠራተኞች የተለመዱ ቃላት ሆነዋል። የመሣሪያ ሰሌዳ የሁለተኛው ማለትም የ“ማስቀመጥ” ውጤት ነው። የመጀመሪያውን ዘልሎ ወደ ሁለተኛው መሄድ ግን ያጋጥማል፤ የተሰበረውና ማንም የማይጠቀምበት መሣሪያ ሳይጣራ ሁሉም ከተሰቀለ ሰሌዳው የቆሻሻ ማሳያ ይሆናል።

ግዥን በተመለከተ የፍላጎት መግለጫው “የመሣሪያ ማንጠልጠያ ሰሌዳ” በሚል ብቻ መዘጋጀት የለበትም። በአሜሪካ የተለመደው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ ስሱ ሰሌዳ ጠባብ፣ ወፍራሙ ደግሞ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ስላለው የአንዱ መንጠቆ ለሌላው በአግባቡ አያገለግልም። በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ወርክሾፖች በስፋት የሚታየው የላሜራ ሰሌዳ በ38 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉት። በመጀመሪያ ለሱቅ ዕቃ ማሳያነት ያገለግል የነበረውና በኋላ ወደ ጋራዥ የገባው አግድም ቦይ ያለው ሰሌዳም የራሱን መንጠቆ ይፈልጋል። ሰሌዳውን ከአንዱ፣ መንጠቆውን ከሌላው አቅራቢ በዝቅተኛ ዋጋ መግዛት የማይገጣጠም ዕቃ ገቢ ወደ ማድረግ ሊያመራ ይችላል። ስለሆነም የቀዳዳው ስፋት፣ ርቀቱና የሰሌዳው ውፍረት በመግለጫው ላይ መሥፈር ይኖርባቸዋል። ቦታው እርጥበት ወይም የዘይት ፍንጣቂ የሚበዛበት ከሆነ ከእንጨት ቃጫ ይልቅ ላሜራ ይመረጣል፤ ቃጫው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹም ይላላሉ። ሁለቱም ከበጀት በላይ ከሆኑ ወፈር ያለ ኮምፔርሳቶና ምስማር ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ለቁጥጥሩ የሚያስፈልገው የተሰመረው ቅርጽ ነው።

የመደብር ማሳያ ፈጽሞ የማያሳየው ነገር ቢኖር ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለውን ነው። ማሳያው የሚታሰረው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ማዕቀፍ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በርካታ ግድግዳዎች ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠሩ ናቸው። ተራ ፊሸር በሙሉ ኮንክሪት ውስጥ ተወጥሮ ይይዛል፤ በብሎኬቱ ክፍት ቦታ ላይ ከገባ ግን የሚወጠርበት አያገኝም፣ ቀስ በቀስም ይነቀላል። መፍትሔው ከኮንክሪት ዓምድ እስከ ዓምድ አግድም የብረት ወይም የእንጨት ተሸካሚ ዘርግቶ ሰሌዳውን በእርሱ ላይ ማሰር ነው። ይህም ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ የሚፈልገውን የኋላ ክፍተት ይሰጣል፤ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ መንጠቆው አይገባም። ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ወለል ላይ የታሰረ ማዕቀፍ ይሠራለታል።

የክብደት ጉዳይም በኪሎ ብቻ አይለካም። አንድ ዕቃ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲሰቀል ከሚፈጥረው የመገንጠል ጉልበት ይልቅ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲሰቀል የሚፈጥረው ሦስት እጥፍ ነው። በመሆኑም ትራፓንን የመሰሉ ከበድ ያሉ ዕቃዎች በአጭር መንጠቆ ወይም በታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ክሪክ ቦታው ወለል ነው። የማጥበቂያ ኃይልን የሚለኩ ቁልፎችና ሌሎች የመለኪያ መሣሪያዎች ልካቸው እንዳይዛባ በሣጥናቸው ውስጥ ሆነው በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይጠበቃሉ፤ ለሣጥኑም ቢሆን ቅርጹ የተሰመረ ቦታ ማዘጋጀት ይቻላል።

ቅርጾቹ በቀለም ከመሰመራቸው በፊት መሣሪያዎቹን በጊዜያዊነት ሰቅሎ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት መሥራት ይመከራል። የትኛው ቁልፍ በብዛት እንደሚነሳ የሚያውቀው መካኒኩ ስለሆነ ቦታውንም እርሱ ቢወስን ይሻላል፤ በብዛት የሚነሳው ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ላይ ይሆናል። በመጨረሻም አንድ መሣሪያ ተሰብሮ ከንብረት መዝገብ ሲሰረዝ ቅርጹ ከሰሌዳው ላይ በዚያው ቀን መጥፋት አለበት፤ ለወራት ባዶውን የከረመ ቦታ የሠራተኛውን ዓይን ባዶ ማየት ያስለምደዋልና፣ ነገ እውነተኛ ጉድለት ሲከሰት የሚያስተውለው አይኖርም።