የባሮ ዓሣና የጠርሙሱ ዘይት

የምኖረው ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ከነርስነት ሥራ በጡረታ ብገለልም ጎረቤቶቼ ዛሬም «ሲስተር» እያሉ መድኃኒታቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ።

በቅርቡ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን የጨረሰች አንዲት እናት የዓሣ ዘይት እንክብል ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ በሽታው እንዳይመለስ ያደርጋል ብለውኝ ነው» አለችኝ። የገዛችው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለክትትል ልትሄድበት ባስቀመጠችው ገንዘብ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 የሚባል ጠቃሚ ቅባት አለው። ካንሰርን መከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው «ቫይታል» የተባለው የአሜሪካ ጥናት ካንሰር ያልነበረባቸውን 25,871 ሰዎች አምስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። በየቀኑ 1 ግራም ኦሜጋ 3 መውሰድ በካንሰር የመያዝ ዕድልን አልቀነሰም። ለታመመ ሰውም የሕክምና ምትክ አይሆንም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ ሊውጡት አይገባም።

ከሕክምና በኋላ የደከመ ሰውነት በቂ ምግብ ይፈልጋል። ከባሮ የሚወጣው አምባዛም ሆነ ቆሮሶ በደንብ በስሎ ሲበላ ፕሮቲኑም ቅባቱም አብሮ ይገኛል።

ያቺን እናት «ጠርሙሱን ለሐኪምሽ አሳዪው፤ ቀጠሮሽ ግን እንዳያልፍሽ» አልኳት። የጎደለውን የመኪና ገንዘብ ጎረቤት ተሰብስበን ሞላንላት። በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ደረሰች።