በጠባብ ቦታ ላይ ቤት መንደፍ

ግራና ቀኙ በጎረቤት ግድግዳ በተያዘ ጠባብ ቦታ ላይ ቤት ሲነደፍ ዋናው ችግር የክፍሎቹ ማነስ ሳይሆን የመሐሉ ጨለማ ነው። በጎን መስኮት ማውጣት ስለማይቻል ብርሃንና አየር የሚገቡት ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ከመስኮቱ አምስት ስድስት ሜትር ገባ ሲሉ የቀን ብርሃን ይደክማል፤ 14 ሜትር ርዝመት ያለው ቤት መሐሉ በቀትርም አምፖል ይፈልጋል።

ለዚህ ችግር ደፋር መልስ የሰጠው ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ነው። በኦሳካ ከተማ፣ ሱሚዮሺ በሚባለው ሰፈር፣ ተጣብቀው ከተሠሩ የእንጨት ቤቶች የመካከለኛውን ቦታ ይዞ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባለ አንድ ፎቅ የኮንክሪት ቤት ሠራ። ቦታው 57 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዱ አራት ሜትር አይሞላም። አንዶ ርዝመቱን ለሦስት እኩል ከፈለው፤ የፊቱና የኋላው ሲሦ ክፍሎች ሆኑ፣ የመሐሉ ሲሦ ጣሪያ የሌለው ግቢ ሆኖ ቀረ። በመንገዱ በኩል በር እንጂ መስኮት የለም፤ ክፍሎቹ ብርሃን የሚያገኙት ከግቢው ነው። ምድር ላይ ሳሎኑ ከፊት፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያው ከኋላ ናቸው። ፎቅ ላይ ያሉትን ሁለት መኝታ ቤቶች በግቢው ላይ የሚያልፍ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ሌሊት በዝናብ ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሰው ጃንጥላ መያዝ አለበት። ቤቱ ይህ ችግር እያለበትም በ1979 የጃፓን አርክቴክቸር ተቋምን ሽልማት አግኝቷል፤ ይገባውም ነበር።

የቦታን ሲሦ ለሰማይ መተው ለአብዛኛው ቤተሰብ ይከብዳል። ሆኖም ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ እንኳ መሐሉን ያነቃዋል። ከላይ መስታወት ቢለብስ ጎኑ አየር ማስወጫ ይኑረው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት አጠገቡ ሲሆን እንፋሎቱና ጭሱ በዚያው ይወጣል።

ደረጃው የሚይዘው ቦታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሦስት ሜትር ከፍታ ለመውጣት 17 ያህል እርከን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ መርገጫ 28 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቀጥ ያለ ደረጃ አራት ሜትር ተኩል ያህል ይወስዳል። ከክፍቱ ቦታ ጎን፣ መሐል ላይ ሲቀመጥ ግን ኮሪደር ያስቀራል፤ ከደረጃው የወጣ ሰው ወደ ፊት አንዱን፣ ወደ ኋላ ሌላውን መኝታ ቤት ያገኛል።

ልኬት ሲወሰድ የግድግዳው ውፍረት መቀነስ አለበት። አምስት ሜትር ወርድ ያለው ቦታ በሁለቱም ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬትና ልስን ሲነሣለት ለኑሮ የሚተርፈው አራት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ጎረቤት ላይ ሳይሆን በራሱ ይዞታ ውስጥ ማውረድ ይኖርበታል። የግቢው ወለል ከክፍሎቹ ዝቅ ይላል፣ የውሃ መውረጃ ቱቦውም የምድሩ ወለል ከመሞላቱ በፊት ይቀበራል፤ በኋላ ለማስገባት የተሠራውን ወለል መስበር ግድ ይሆናል።